ፈረስና ፈረሰኛ፦ የዛር ውል በታሪክ መስተዋት

የሰው ልጅ ከእርሱ በላይ ናቸው የሚላቸውን ኃይላት ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሥላቸው ከሰው ምንም የማይፈልጉ፣ ራሳቸውን የቻሉ ልዕለ ፍጡራን አድርጎ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ለብዙ ዘመን የኖረው የዛር እምነት ግን ከዚህ ለየት ይላል። በእምነቱ መሠረት ዛር ያስባል፣ ይቆጣል፣ ያፈቅራል፣ ይቀናል። ዳሩ ግን የሚናገርበት አፍ፣ የሚጨፍርበት እግር፣ ቡና የሚቀምስበት ምላስ የለውም። እነዚህን ሁሉ የሚዋሰው ከሰው ነው። ዛር የሚወርድበትን ሰው ሕዝቡ «የዛር ፈረስ» ማለቱም ነገሩን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይገልጸዋል። ሰውን ካልተጫነ ሊኖር የማይችል ፍጡር፣ ከሚጫነው ሰው ጋር በምን ዓይነት ሕግ ሊኖር ይገባዋል? የዛር እምነት ታሪክ ለዚህ የግብረ ገብ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጥያቄው ሥር ከጥንቱ አፈ ታሪክ ይጀምራል። እንደሚነገረው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ሔዋን ስለ ልጆቿ ፈርታ ከሁሉ የተዋቡትን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። እርሱም የተደበቁት እንደ ተደበቁ ይቅሩ ሲል ፈረደ። በዚህ ዓይነት የታዩት ዐሥራ አምስቱ የሰው አባቶች፣ የተሰወሩት ዐሥራ አምስቱ ደግሞ የዛር አባቶች ሆኑ ይባላል። በዚህ ትረካ ውስጥ ዛር ባዕድ አይደለም፤ በራሱ ጥፋት ሳይሆን በእናቱ ሥጋት አካሉን ያጣ ወንድም ወይም እኅት ነው። የሚታየው ወንድሙ የሚበላበትንና የሚጠጣበትን አካል ሲያይ ቢቀና፣ ቢጎመጅም አያስገርምም። አፈ ታሪኩ ለዛሩ ይህን ያህል ሲያዝንለት፣ አካሏን ለማታውቀው ወንድም እንድታካፍል የምትገደደዋን ሴት ግን እሺታዋን አይጠይቃትም። የዛር ሥርዓት ይህን የጎደለውን ጥያቄ በተግባር ሊመልስ ሲጥር የኖረ ይመስላል።

ዛሩ መምጣቱን የሚያስታውቀው በሕመም ነው። ሰውየው ይደክማል፣ ምግብ ይጠላል፣ በሕልሙ ይባንናል። ዘመዶቹ ወደ ባለ ዛር ዘንድ ይወስዱታል። በዚያም በከበሮና በጭብጨባ፣ በዕጣንና በቡና መካከል ዛሩ «እንዲያጓራ»፣ ማለትም በፈረሱ አካል እየተንቀጠቀጠ እንዲናገር ይደረጋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ነው። ሰይፉ ጨንገርን ወይም ራሂሎን የመሰለ ስመ ጥር ዛር ሲሆን እንደ ጦር ሜዳ ጀግና እየፎከረ ራሱን ያስተዋውቃል። ከዚያ ድርድሩ ይከተላል። ዛሩ የዶሮውን ወይም የበጉን መልክ፣ የልብሱን ዓይነት፣ ቀለበቱን፣ ሽቶውን ለይቶ ይጠይቃል። ባለ ዛሩ ይከራከራል፣ ይለማመጣል፣ አንዳንዴም ይገሥጻል። ውሉ ሲጸና አሳማሚ የነበረው ዛር ጠባቂ ውቃቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ በዛር ሥርዓትና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በጠበል ቦታ መንፈሱ ይወገዛል፣ ለቆ እንዲወጣም ይታዘዛል። በባለ ዛሩ ቤት ግን እንዲታረቅ ይደረጋል። የዕርቁ መሠረት አንድ ተራ እውነት ነው፦ ፈረሱን የገደለ ፈረሰኛ እግረኛ ሆኖ ይቀራል። ዛሩ ያለ ልክ ከጨከነ የሚናገርበትን አፍ ያጣል። ስለዚህ የፈረሱን ጤና መጠበቅ ለዛሩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የህልውና ጉዳይ ይሆንበታል። ከጥቅም የተነሣ ርኅራኄ እውነተኛ ርኅራኄ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ እምነቱ ክፍት ይተወዋል።

ውሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዛር ይወረሳል፤ የውርሱም ምልክት ጨሌው ነው። ጨሌ በገበያ ላይ ሲታይ ነጋዴ የሚያመጣው ባለ ቀለም ዶቃ ከመሆን አያልፍም። ለዛሩ ከተሰጠ በኋላ ግን እንደ ተራ ጌጥ አይቆጠርም። በክብር ይቀመጣል፣ በቀኑ ወጥቶ ቡና ይፈላለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል። እናት ስትሞት ጨሌው ባለቤት ይሻል። ከልጆቿ አንዷ ካልተቀበለችው፣ በቤቱ የሚደርሰው ሕመምና ጥፋት ሁሉ ከተተወው ጨሌ የመጣ ነው ተብሎ ይተረጎማል። እናት በመከራዋ ጊዜ የገባችውን ውል ልጅ ሳትፈርም እንድትከፍል ትገደዳለች። ብትቀበል የራሷ ያልሆነ ጌታ ታገኛለች፤ ብትጥል የእናቷን መታሰቢያ የጣለች ትመስላለች። ሃይማኖታቸውን የለወጡ ወይም ያጠበቁ ሰዎች ጨሌውን በአደባባይ እስከ ማቃጠል የደረሱበት ምክንያትም ይኸው ነው። ለሚያቃጥለው ሰው እሳቱ ላይ ያለው ብርጭቆ ዶቃ ሳይሆን ሊወርሰው የመጣ ፈቃድ ነው።

ዛር የራሱ እግር ስለሌለው ፈረሶቹ በሄዱበት ሁሉ ሄዷል። በ19ኛው ምእት ዓመት ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት እየተሸጡ ቀይ ባሕርን ከተሻገሩት ሴቶች ጋር ወደ ዐረብ አገር ገባ። የሆላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንዬ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ውስጥ በነበረ ጊዜ የዛር ሥርዓት በከተማይቱ ሴቶች ዘንድ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ጽፏል። በሱዳን የዛር ሥርዓት የሐበሻ ዛሮች ራሳቸውን የቻሉ አንድ ወገን ናቸው። በደቡብ ኢራን የባሕር ጠረፍ ያለውን የዛር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ ያወጣው ጎላም ሆሴን ሳኤዲም ሐኪምና ተውኔት ጸሐፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓዙም ዛሩ አብሯቸው ተጉዞ የዚያ አገር ሐኪሞች በሕሙማኑ አንደበት ተዋውቀውታል። አገሩን፣ ስሙንና ነጻነቱን የተነጠቀ ሰው ይዞት ሊሄድ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ባሪያዪቱ በመካ ቤት ውስጥ ስታጓራ የጌታዋ ንብረት የሆነው አካሏ ለጥቂት ሰዓት ሌላ ባለቤት ያገኝ ነበር።

ይህን የሥርዓቱን ገጽታ ከቅርብ የማየት ዕድል ካገኙት አንዱ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ነው። በማርሴል ግርዮል ከተመራው የዳካር ጅቡቲ ጉዞ ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ደርሶ፣ በአስተርጓሚው በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት ከባለ ዛሯ ከመልካም አያሁ ቤት ወራት አሳለፈ። ለመሥዋዕት የሚታረዱትን እንስሳት እስከ መግዛት ደረሰ። ዛሮቹ እንዲናገሩለት ስለ ፈለገ ከፈለ፤ በመሆኑም ተመልካቹ ራሱ ሰው ላይ ተጭኖ የሚናገር ድምፅ ፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ አንዲት ሴት የያዟትን ብዙ ዛሮች እንደየጊዜው ለብሳ ከምታወልቃቸው አልባሳት ጋር አመሳስሎ፣ ድርጊቱን በሚጫወቱት ቴአትርና በሚኖሩት ቴአትር መካከል አቆመው። በዚያው ዓመት በጎንደር ስላለው የዛር ሥርዓት የጻፈው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ ሥርዓቱን እንደ ማኅበር ሕክምና ተመልክቶ፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ባለትዳር ሴቶችና በኅብረተሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርገው የታዩ ሰዎች መሆናቸውን አመልክቷል።

ከዚህ ሲደረስ ጥያቄው ይገለበጣል። ባሏ ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት፣ ዛሯ ሲወርድ እንደ ወንድ ትፎክራለች፤ አዲስ ቀሚስ ትጠይቃለች፤ ባልየውም ለሚስቱ የነፈገውን ለዛሩ ይሰጣል። ዛሩ የእርሷን አፍ ሲዋስ እርሷም የእርሱን ሥልጣን ተውሳለች። ማን ፈረስ፣ ማን ፈረሰኛ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ውሉ ያለ ዋጋ አልነበረም። ድሀው ቤተሰብ ለግብር ሲል በዕዳ ይዘፈቃል፤ ባለ ዛሩ በሌላው ሕመም ይከብራል፤ ሴትዮዋም ስትነቃ የተናገረችው ቃል የእርሷ ሆኖ አይቆጠርላትም። ቀሚሱን አግኝታለች፤ በራሷ ስም የመጠየቅ መብትን ግን አላገኘችም።

ዛርን በመድረክ ላይ ማቅረብ ለተዋናይ ቀላል ነው፤ መንቀጥቀጡና ማጓራቱ ተመልካችን ያስቃል። ከሣቁ ባሻገር የሚሄድ ደራሲ ግን ፈረሲቱ በዛሩ አፍ የተናገረችውን ቃል ለይቶ ማዳመጥ ይኖርበታል። የዛር ፉከራዎች፣ የድርድሩ ቃለ ምልልስ፣ የጨሌው ወግ ከባለቤቶቻቸው ጋር ከመጥፋታቸው በፊት ተሰብስበው ሊጠኑ ይገባል። በእነርሱ ውስጥ ተሸሽጎ ያለው የሔዋን ሥውር ልጅ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ስማቸው ሊናገሩ ያልተፈቀደላቸው የብዙ ትውልድ ሴቶች ድምፅም ጭምር ነው።