ያለ ፓስፖርት የሚሻገሩት ባሕር፦ የስቶክሆልም መርከቦችና የዋስ ታሪክ

ከስቶክሆልም ተነሥተው ወደ ኦላንድ ደሴቶች በሚያቀኑት የሽርሽር መርከቦች ላይ ብዙው ሰው የሚሳፈረው የትም ለመድረስ ብሎ አይደለም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል፣ ይተኛል። መርከቡ የፊንላንድ ግዛት በሆነችው የማሪየሃምን ወደብ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይመለሳል፤ ተሳፋሪውም በማግስቱ ከተነሣበት ወደብ ይወርዳል። መርከቡ እዚያ የሚቆመው ለሸቀጡ ሲል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 በአባል አገሮቹ መካከል ከቀረጥ ነፃ ሽያጭን ሲያስቀር፣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኦላንድ ፊንላንድ በ1995 ኅብረቱን ስትቀላቀል ባገኘችው ልዩ መብት ከቀረጥ ክልሉ ውጭ ቀርታ ነበር። ስለዚህ ደሴቷን ነክቶ የሚመለስ መርከብ አረቄና ሲጋራ ያለ ቀረጥ መሸጥ ይችላል። ድንበሩ ለጠርሙሱ ሕያው ነው፤ ለሰውየው ግን የሌለ ያህል ነው።

ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ስዊድናዊው በተለምዶ መንጃ ፈቃዱን አሳይቶ ይሳፈራል። ስቶክሆልም ውስጥ ዐሥር ዓመት የኖረ፣ እዚያው የሚሠራና ግብር የሚከፍል ኢትዮጵያዊም ያንኑ መንጃ ፈቃድ በኪሱ ይዟል፤ ነገር ግን አይበቃውም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን መጨመር አለበት። የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው መታወቂያም እንዲሁ ነው። ባንክ ቤትና ፖስታ ቤት ያስተናግዳል፣ ዜግነትን ግን ስለማይናገር የጉዞ ሰነድ አይሆንም። ከ2005 ጀምሮ ፖሊስ የሚሰጠው ብሔራዊ መታወቂያ ዜግነትን ይመሰክራል፤ እሱን የሚያገኙት ግን ዜጎች ብቻ ናቸው። እንግዲህ «ያለ ፓስፖርት መጓዝ» የሚባለው ነገር ያለ ማስረጃ መጓዝ ማለት አይደለም። ማስረጃው ቀድሞ ሌላ ቦታ ተጽፎለታል ማለት ነው። ጥያቄው የት ተጻፈ፣ ማንስ ጻፈው ነው።

ስዊድን አንድ ጊዜ በርዋን በእውነት ከፍታ ታውቃለች። እስከ 1860 ድረስ በአገር ውስጥ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የፓስፖርት ግዴታው ለዜጋውም ለእንግዳውም ተነሣ። ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ስቶክሆልም የመጣው በዚህ ክፍት ዘመን ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠው የኢሉባቦሩ ልጅ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ከስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ተጠግቶ ተማረ፣ በ1872 ተጠመቀ፤ ከ1876 እስከ 1881 በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት ቆየ። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ይኸው ሰው ስዊድን ሲደርስ ፓስፖርት አምጣ የሚል ሕግ አልጠበቀውም። የሚያስፈልገው «እናውቀዋለን» የሚል ወገን ነበር፤ ሚሲዮኑ ያ ወገን ሆነለት።

የጥምቀት ስሙም ይህንኑ ይናገራል። በአዲስ ኪዳን ኦነሲሞስ ከጌታው ቤት የወጣ ባሪያ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የጻፈው አጭር ደብዳቤ ደግሞ በእኛ አገር ቋንቋ የዋስትና ወረቀት ልንለው የምንችለው ነው። ጳውሎስ በገዛ እጁ ጽፎ የሰውየውን ዕዳ በራሱ ላይ ይወስዳል።

ይህ ዘመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ፤ ስዊድን በ1917 ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ፓስፖርት መጠየቅ ጀመረች። በሩ እንደገና የተከፈተው ለጎረቤት ብቻ ነበር። በ1952 የዴንማርክ፣ የፊንላንድ፣ የኖርዌይና የስዊድን ዜጎች በአራቱ አገሮች መካከል ያለ ፓስፖርት እንዲጓዙ ተስማሙ፤ በ1954 አንዱ በሌላው አገር ያለ ፈቃድ እንዲኖርና እንዲሠራ ተፈቀደ፤ በ1957 ኮፐንሃገን ላይ የተፈረመው ስምምነትም ከሜይ 1 ቀን 1958 ጀምሮ በመካከላቸው ያለውን የፓስፖርት ቁጥጥር አስቀረ። አይስላንድ ቆይታ ተቀላቀለች። የሸንገን ውል በእነዚህ አገሮች ሥራ ላይ የዋለው በ2001 ስለሆነ፣ የስቶክሆልም መርከቦች ከአብዛኛው አውሮፓ አርባ ዓመት ያህል ቀድመው ይህን ነፃነት ለምደዋል።

እንዲህ ያለው መተማመን ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለም። በ1686 የወጣው የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቄስ በደብሩ የሚወለደውን፣ የሚያገባውንና የሚሞተውን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን እንዲመዘግብ አዘዘ። ሰው ደብር ሲቀይር ከቀድሞው ቄስ የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ አዲሱ ይሄድ ነበር። በ1947 በዚህ መዝገብ ላይ የግል መለያ ቁጥር ተጨመረ፤ በ1991 መዝገቡ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ግብር መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ዛሬ መንጃ ፈቃዱን ብቻ አሳይቶ መርከብ የሚገባው ሰው ከኋላው የሦስት መቶ ዓመት የቄስ ጽሕፈት ቆሞለታል።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ካህኑ ያጠምቃል፤ የክርስትና ስም ግን ለቅዳሴና ለፍትሐት ይጠራል እንጂ ለመንግሥት መዝገብ አልዋለም። ሰው የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ ስም፣ በአገሩና በዋሱ ነበር። ገንዘብ ለመበደር፣ ቤት ለመከራየት፣ ሥራ ለመቀጠር፣ ከእስር ለመውጣት «ዋስ አለህ?» ይባላል። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሥር የሰደደው ቀበሌ መታወቂያ እያደለ ይህን ትውውቅ በወረቀት ተካው። ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ግን በ2016 ነው። በ1686 እና በ2016 መካከል ያለው ርቀት ስቶክሆልም ወደብ ላይ በአንድ ተራ ከቆሙ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ነው።

የሚገርመው፣ ዋስ ስዊድንም ውስጥ አልጠፋም። የመታወቂያ ካርድ ፈልጎ ተቀባይነት ያለው ሰነድ የሌለው ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ወላጁን፣ ወንድም እህቱን ወይም የቆየ አሠሪውን ይዞ ቀርቦ ማንነቱን ማስመስከር ይችላል፤ ምስክሩ ግን ራሱ የታወቀ መታወቂያ ያለው መሆን አለበት። በ2007 መታወቂያ የሚሰጥባቸው መንገዶች ሲጠቡ የተጎዳው ብቻውን የመጣው ስደተኛ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ አለው፣ መለያ ቁጥር አለው፣ ዋስ የለውም። መታወቂያ የሌለው ደግሞ የባንክ ሒሳብ መክፈትና ደመወዙን ማውጣት ይቸግረዋል። መፍትሔ የመጣው በ2009 ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ በመዝገቡ ላሉ የውጭ ዜጎችም ካርድ መስጠት ጀመረ።

በዚሁ የባልቲክ ባሕር ላይ ግን መታወቂያ ከድንበር ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሌላ ሥራም አለው። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ሌሊት ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትጓዝ የነበረችው ኤስቶኒያ የተባለች መርከብ ሰጠመች፤ ከተሳፈሩት 989 ሰዎች 852ቱ አለቁ፤ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ ስዊድናውያን ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው መመሪያ መርከቦች ተሳፋሪን መቁጠር፣ ረዘም ባለ ጉዞ ደግሞ በስም መመዝገብ ግዴታቸው ሆነ። የዚህ ዝርዝር ዓላማ አደጋ ቢደርስ ማን እንደጠፋ ማወቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ የስዊድናዊውም የኢትዮጵያዊውም መንጃ ፈቃድ እኩል መልስ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ሲከተል ነው፦ የማን ነህ?

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ሰው ከኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ዘመን ጀምሮ የተዋሰ ወረቀት ሲሰጠው ኖሯል። በ1922 አገር አልባ ለሆኑ ሩስያውያን በስሙ የተጠራው ፓስፖርት ወጣ፤ የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ የስደተኛ የጉዞ ሰነድን አጸና። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ደርግ የመውጫ ቪዛ በሚጠይቅበት ዘመን ድንበር በእግር አቋርጠው ስዊድን የደረሱ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰነድ ያውቁታል። በእሱ ሄልሲንኪም ታሊንም ይደረሳል፤ የማይደረስበት የተሸሸው አገር ብቻ ነው።

ዜግነት የወሰደውም የራሱ ሒሳብ አለው። ስዊድን ከ2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ፈቅዳለች፤ የኢትዮጵያ የ2003 የዜግነት አዋጅ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ስዊድናዊ የሆነው ሰው ከጎረቤቱ እኩል መንጃ ፈቃዱን ብቻ ይዞ ኦላንድ ደርሶ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን የስዊድን ፓስፖርት፣ በላዩም ቪዛ ወይም በ2002ቱ አዋጅ የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ያስፈልገዋል። ባዕድ በነበረበት ባሕር ላይ ያለ ፓስፖርት የሚያልፍ ሆነ፤ በተወለደበት አገር ደጃፍ ላይ ደግሞ ወረቀቱ በዛ።

የጎረቤቶቹ ነፃነትም ቢሆን የዘላለም አይደለም። በጃንዋሪ 2016 ስዊድን ከዴንማርክ የሚመጡ ባቡሮች፣ አውቶቡሶችና መርከቦች የመንገደኛውን የፎቶ መታወቂያ እንዲያዩ አዘዘች፤ ትእዛዙ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ከ1958 በኋላ የተወለደ አንድ ስካንዲኔቪያዊ ጎረቤት አገር ለመሻገር ማንነቱን መጠየቁ እንግዳ ነገር ሆኖበት ይሆናል። ኢትዮጵያዊው ግን ጥያቄውን ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል፦ ዋስህ ማነው?