ሴረኛውን ቀድሞ መገመት፦ ከጆን ጃስፐር እስከ ፒተር ቤይሊሽ

ፒተር ቤይሊሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1996 (እ.ኤ.አ.፤ የተከታዮቹ ዓመታትም አቆጣጠር ይኸው ነው) በወጣው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልብ ወለድ «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ» ውስጥ ነው። ቅጽል ስሙ ሊትልፊንገር፣ ሹመቱም የንጉሡ በጅሮንድነት ነው። የተወለደው ከትንሽ ባላባት ቤት ሲሆን ርስቱ ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ጦር የለውም። የሚያሸንፈው በብድር፣ በወሬና በውለታ ነው። ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ የሚተርከው በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን ሲሆን፣ በታተሙት አምስት የተከታታዩ መጻሕፍት ውስጥ ለቤይሊሽ የሰጠው ምዕራፍ የለም። አንባቢው የሰውየውን ንግግር ይሰማል፣ ሥራውን ያያል፤ ሐሳቡን ግን ከውጭ ሆኖ መገመት አለበት። በቤይሊሽ ዙሪያ ለተነሡት መላምቶች ሁሉ መነሻው ይህ የአተራረክ ስልት ነው።

ደራሲ የከደነውን የሴረኛ ልብ ለመግለጥ መሞከር ከቴሌቪዥን በብዙ የቀደመ ልማድ ነው። ቻርልስ ዲከንስ በ1870 «የኤድዊን ድሩድ ምስጢር»ን በየወሩ እየከፋፈለ ማሳተም ጀመረ። የታሰበው 12 ክፍል ነበር፤ ደራሲው ጁን 9 ቀን ስለሞተ ግን ለኅትመት የበቃው 6 ብቻ ሆነ። የታሪኩ ሴረኛ ጆን ጃስፐር በአደባባይ የካቴድራል መዘምራን መሪ፣ በስውር ኦፒየም አጫሽ ነው፤ የእህቱን ልጅ የኤድዊንን እጮኛም ይመኛል። ኤድዊን አንድ ሌሊት ድራሹ ይጠፋል። ተገድሏል ወይስ አምልጧል? የዲከንስ ወዳጅና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ጆን ፎርስተር፣ ታሪኩ አጎት የእህቱን ልጅ የሚገድልበት መሆኑን ከራሱ ከዲከንስ እንደሰማ መስክሯል። ምስክርነቱ ግን ክርክሩን አልዘጋውም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ሪቻርድ ፕሮክተር በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ ኤድዊን በሕይወት አለ ሲል ተከራከረ። በ1905 ጆን ከሚንግ ዋልተርስ፣ ጃስፐርን ሊሰልል የመጣው ባለ ነጭ ፀጉር እንግዳ ልብሷን የለወጠች ሴት፣ ከታሪኩ ገጸ ባሕርያት አንዷ ሄለና ላንድለስ ናት አለ። በ1914 ጃንዋሪ ደግሞ የዲከንስ ወዳጆች ማኅበር ለንደን ውስጥ ጃስፐርን በይስሙላ ችሎት አቆመው። ዳኛው ጂ. ኬ. ቼስተርተን፣ የፈራጆቹ ጉባኤ ተጠሪ በርናርድ ሾው ነበሩ። ሾው ጃስፐር ሳያስብበት በመግደል ጥፋተኛ ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ቼስተርተን በአዳራሹ የነበሩትን ሁሉ ችሎት በመድፈር መቀጮ ጣለባቸው። ይህን ያህል ድካም የሚገባው ሥራ ነበር፤ ዲከንስ ያላለቀ መጽሐፍ ትቶ ቢሞትም አንባቢዎቹ ቃሉን በቃል እየመረመሩ ለአሥርት ዓመታት ሕያው አድርገው አቆይተውታልና።

ቴሌቪዥን ይህን ልማድ የብዙኃን አደረገው። የአሜሪካው ድራማ «ዳላስ» ማርች 1980 ላይ መሠሪውን የነዳጅ ነጋዴ ጄ. አር. ዩዊንግን በማይታይ እጅ አስተኩሶ ወቅቱን ዘጋ። የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ መልሱን እስከ ኖቬምበር 21 ስላዘገየው ቁማርተኞች በተኳሹ ማንነት ላይ ገንዘብ አሲያዙ። ከ80 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የተመለከቱት ክፍል ተኳሿ የሚስቱ እህት ክሪስቲን መሆኗን ገለጠ። ለግምት ዋናው ማገዶ በክፍል መካከል ያለው የጥበቃ ጊዜ መሆኑ ከዚያ ወዲህ አላጠራጠረም።

ማርቲን አንባቢዎቹን ያስጠበቀው በዓመታት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የንጉሡ እንደራሴ ጆን አሪን በመርዝ ይሞታል፤ ሚስቱ ላይዛ ገዳዮቹ የላኒስተር ቤተሰብ ሰዎች ናቸው የሚል ደብዳቤ ለእህቷ ትልካለች፤ ከዚያ ጦርነት ይነሣል። በ2000 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይዛ ራሷ መርዙን የሰጠችውም ደብዳቤውን የጻፈችውም በቤይሊሽ ምክር መሆኑን ተናዘዘች፤ እርሱም ከተራራው ግንብ ገፍትሮ ጣላት። ይህ ኑዛዜ የአንባቢውን ዓይን ለወጠው። የጦርነቱ ሥር ይህን ያህል በአንድ ሰው እጅ ከነበረ፣ ተራ መስሎ ያለፈ ሌላ ምዕራፍም እንደገና ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው።

ከማርቲን መጻሕፍት ተወስዶ በዴቪድ ቤኒኦፍና በዲ. ቢ. ዋይስ የተሠራው የኤችቢኦ ድራማ በኤፕሪል 2011 ሲጀምር ቤይሊሽን የተጫወተው አየርላንዳዊው ኤይደን ጊለን ነው። የላይዛ ምስጢር ለቴሌቪዥን ተመልካች የተገለጠው በ2014 ስለሆነ፣ አንባቢዎች 14 ዓመት ሙሉ ያወቁትን ነገር ተመልካቾች ገና ይገምቱ ነበር። በ2015 ግን ሁለቱም እኩል ግራ ተጋቡ። ድራማው ቤይሊሽ የላይዛን የእህት ልጅ ሳንሳ ስታርክን ለጨካኙ ራምዚ ቦልተን እንዲድራት አደረገ። በመጽሐፉ ለራምዚ የተዳረችው የሳንሳ እህት አርያ ስታርክ ናት ተብላ የቀረበችው የሳንሳ ጓደኛ ጄይን ፑል ናት። ተመልካቾች ለጋብቻው ረቂቅ ስሌት ሲፈልጉለት ቆዩ፤ ምክንያቱ ግን የቤይሊሽ ሳይሆን የድራማው ጸሐፊዎች ነበር። የሁለት ሴቶችን ታሪክ በአንዷ ላይ ስለጠቀለሉት ጠንቃቃው ሴረኛ እጅግ የሚያስፈልገውን መያዣ በከንቱ ሰጠ። የገጸ ባሕርዩ ድክመት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በኦገስት 2017 የተላለፈው የሰባተኛው ወቅት መደምደሚያ ቤይሊሽን በስታርኮች ግንብ በዊንተርፌል አዳራሽ ከፍርድ ፊት አቆመው፤ ተንበርክኮ ሲለምን አርያ ጉሮሮውን ቆረጠችው። የቆረጠችበት ጩቤ በመጀመሪያው ወቅት የሳንሳንና የአርያን ወንድም ብራንን ሊገድል የተላከው፣ ቤይሊሽም የቲሪየን ላኒስተር ነው ብሎ የዋሸበት ነበር። ብዙዎች ሞቱን አላመኑም። ሁለት ክፍል ቀደም ብሎ በግቢው ውስጥ ለአንዲት ሴት ገንዘብ ሲሰጥ ታይቷል፤ ቅድመ አያቱ የመጡትም ፊት የሚለውጡ ነፍሰ ገዳዮች ማኅበር ካለበት ከብራቮስ ነው። ከእነዚህ ተነሥተው የሞተው ፊቱን የለበሰ ሌላ ሰው ነው አሉ። መላምቱ በማስረጃ ረገድ ደካማ ቢሆንም ከእውነተኛ ቅሬታ የወጣ ነው፤ ለሰባት ወቅት ሁሉን ያታለለ ሰው እህትማማቾቹ የሸረቡበትን አለማየቱ አላሳመናቸውም። ብራንን የተጫወተው አይዛክ ሄምፕስቴድ ራይት፣ ሳንሳ ስለ ጉዳዩ ወንድሟን የምትጠይቅበት ትዕይንት እንደተቆረጠ ተናግሯል። የጎደለው ማያያዣ ያ ነበር።

በሜይ 2019 ባበቃው ስምንተኛ ወቅት ቤይሊሽ አልተመለሰም። በመጽሐፉ ግን አልሞተም። ሳንሳን አላይን ስቶን በሚል የሐሰት ስም ልጄ ናት ብሎ በአሪኖች ምድር ሸሽጓታል፤ የግዛቱ አልጋ ወራሽ ለሆነው ለሃሮልድ ሃርዲንግም ሊድራት አስቧል። ከ2011 በኋላ አዲስ ቅጽ ስላልተከተለ፣ የጋብቻው ዕቅድ ወዴት እንደሚያመራ መገመት የአንባቢዎች ሥራ ሆኖ ቀጥሏል።