የእንግሊዝኛ ቃላትን በቀለም መክፈል፦ ለሶማሊኛ ተናጋሪ ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

ቀለም ወይም ሲላብል በአንድ ትንፋሽ ግፊት የሚነገር የቃል ክፍል ሲሆን፣ ማዕከሉ አብዛኛውን ጊዜ አናባቢ ድምፅ ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በሶማሊኛ ጀምረው አማርኛንና እንግሊዝኛን ይጨምራሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ቃልን አሳስቶ መክፈል የሳይንስ ጥያቄን አንብቦ መረዳትንም ያውካል።

የሶማሊኛ የላቲን አጻጻፍ በ1965 ዓ.ም. በሶማሊያ በይፋ ሲደነገግ ቃሉ እንደሚነገረው እንዲጻፍ ተደርጎ ነው። በመሆኑም የተጻፈ አናባቢ ሁሉ ይነበባል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። ስም ማለት የሆነው «ኔም» በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ የመጨረሻዋ ኢ ግን ድምፅ ስለሌላት ቃሉ ባለ አንድ ቀለም ነው። በሶማሊኛ ልማድ የሚያነብ ተማሪ «ና-ሜ» ብሎ ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ኤክስ በሶማሊኛ «ሐ»ን ስለሚወክል «ታክሲ»ም «ታሒ» ይሆንበታል።

ሌላው ችግር የቃል መነሻ ነው። ሶማሊኛ በቀለም መጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎችን አያጣምርም፤ ትምህርት ቤት ማለት የሆነውን «ስኩል» «ኢስ-ኩል» ብሎ የተዋሰው ለዚህ ነው። አማርኛ ተናጋሪም ስፖርትን «እስፖርት» ይላልና ልማዱ የጋራ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ቃላት ባለ አንድ ቀለም ናቸው።

ስለዚህ ፊደል ከመቁጠር በፊት የሚሰሙትን አናባቢዎች መቁጠር ይገባል። በሁለት አናባቢዎች መካከል ሁለት ተነባቢዎች ሲገኙ ክፍፍሉ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ይውላል፦ «ማር-ኬት»፣ «ዊን-ዶው»። ሶማሊኛም ይህንኑ ይከተላል፤ የጅግጅጋ ስም ራሱ «ጅግ-ጅ-ጋ» ተብሎ ይከፈላል። እንደ ኤስና ኤች ያሉ፣ ተጣምረው አንድ ድምፅ የሚሰጡ ፊደላት ግን አይነጣጠሉም።

ድርብ ፊደል የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እራት ማለት በሆነው «ዲነር» ውስጥ ኤን ሁለት ጊዜ ትጻፋለች፤ በጽሑፍ ሲከፈል አንዷ ለፊተኛው፣ ሌላዋ ለኋለኛው ቀለም ትደርሳለች። ይሁንና በሶማሊኛና በአማርኛ እንደተለመደው ጠብቃ አትነበብም። መደረቧ የሚያመለክተው ከእርሷ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። አንዷ ከተዘነጋች ቃሉ «ዳይነር» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም ተመጋቢ ይሆናል።

በመስመር መጨረሻ ባለ አንድ ቀለም ቃል አይቆረጥም። በመዝገበ ቃላት ውስጥ በቃሉ መካከል የሚታዩት ነጥቦች መቁረጥ የሚፈቀድበትን ቦታ ያሳያሉ፤ አነባበቡን ለማወቅ ግን ከቃሉ ቀጥሎ የሚሰጠውን የድምፅ ምልክት መመልከት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም።