የስኳር ሕመምተኛው ዓይን፦ ከራጉኤል እስከ ምኒልክ ሆስፒታል

በመርካቶ፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚነግደው ሕዝብ በአብዛኛው በዓይኑ ሠርቶ የሚያድር ነው። ልብስ ሰፊው ክር ከመርፌ ያስገባል፤ የሸማ ነጋዴዋ ጥለቱን በጣቷ ብቻ ሳይሆን በዓይኗም ትመዝናለች፤ ሒሳብ ያዡ ማታ መብራት አብርቶ ደብተሩን ያመሳክራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ዋናውን ገበያ ከአራዳ ወደዚህ ካዛወረ ወዲህ የአካባቢው ኑሮ ይኸው ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ከስኳር በሽታ ጋር ለብዙ ዓመታት የኖሩ አሉ። ዕይታቸውን የሚነጥቃቸው ጉዳት የሚጀምረው ታዲያ «ደኅና አያለሁ» በሚሉበት ወቅት ነው።

የነገሩ ታሪክ ረዘም ይላል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄልምሆልትስ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል የሚያሳየውን ኦፍታልሞስኮፕ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የቪየናው ኤድዋርድ ዬገር በስኳር ሕመምተኛ ሬቲና ላይ ያየውን ለውጥ ገለጸ። ይሁንና ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921–22 በቶሮንቶ እስኪገኝ ድረስ፣ በልጅነታቸው የታመሙት ዓይናቸው ከመጎዳቱ በፊት ይሞቱ ነበር። ኢንሱሊን ዕድሜያቸውን ሲያስረዝም የዓይኑም ጉዳት ገሃድ ወጣ። አንዱ ድል ሌላ ችግር ይዞ መምጣቱ በሕክምና ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለረዥም ጊዜ ሐኪሙ ጉዳቱን ከማየት በቀር የሚያደርገው ብዙ አልነበረም። መልሱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱ የታወቀው የአሜሪካ ጥናት ነው። አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች የበቀሉበት ሬቲና በሌዘርና በመሰል ብርሃን በጊዜው ቢተኮስ፣ ከባድ የዕይታ መጥፋት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ሌዘር ግን ያለውን ዕይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን እምብዛም አይመልስም። የማጣሪያ ምርመራ ሐሳብ ኃይል ያገኘው ከዚህ ነጥብ ነው።

በኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ክትትል አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ከእ.ኤ.አ. 1976 እስከ 1990 የታዩትን ሕሙማን ዶክተር ሌስተር አጥንተው አሳትመዋል፤ የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቁሟል። የዓይን ሕክምናው ግን በሌላ መንገድ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2005–06 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት መሆኑን አሳየ። ዘመቻው በእነዚህ ላይ ማተኮሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሞራ የጋረደውን አባት ልጁ እጁን ይዞ ያመጣዋል፤ የስኳር ሕመምተኛውን ማንም አያመጣውም፤ ገና በራሱ እግር እየሄደ፣ ጋዜጣውን እያነበበ ነውና። እርሱን ጤና ባለሙያው ራሱ ሊፈልገው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጅማ ሆስፒታል ጥናት ከተመረመሩት የስኳር ሕሙማን ከአሥሩ በአራቱ ያህል የሬቲና ጉዳት አግኝቷል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ብሔራዊ የማጣሪያ መርሐ ግብር ዘረጋች። በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት የነበረው ይህ በሽታ፣ በ2009–10 በተደረገው ቆጠራ ቀዳሚነቱን ለቅቆ ተገኘ።

የራጉኤሉ ልብስ ሰፊ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከከተማዋ ማዶ፣ በየካ በኩል ይገኛል። በዚያ ላይ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት የቅርቡን ነገር ያደበዝዛል፤ የዚያን ቀን መርፌ አይያዝም። ለታመመ ዓይን ሰው ይህን ይከፍላል፤ ደኅና ለሚመስለው ዓይን ግን ያመነታል። ስለዚህ ከቀጠሮ የቀረውን ሕመምተኛ ግድየለሽ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም ሁለቱም በየዓመቱ ሊታዩ ይገባል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት። የሬቲና ፎቶ የሠለጠነች ነርስ ልታነሣ ትችላለች፤ ያለ ሐኪም ፎቶውን የሚያነብ የኮምፒዩተር ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ካሜራው በስኳር ክሊኒኩ ውስጥ፣ በዚያው የክትትል ቀን ቢገኝ፣ ልብስ ሰፊው በሁለት ቀን ፋንታ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ያጣል፤ ምኒልክ ድረስ የሚሄደውም ጉዳት የተገኘበት ብቻ ይሆናል።