የስክሪኑ ባለቤት ማን ነው? የብሔራዊ ፊልም ኢንዱስትሪዎች ታሪክ ከሲኒማ ቤቱ በር ሲታይ

 የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን የብሔራዊ ፊልም ኢንዱስትሪዎች ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የፊልም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከካሜራው ተነሥቶ ነው። በዚህ ወይም በዚያ አገር የመጀመሪያውን ፊልም ማን ሠራ? መቼ? ስለ ምን? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ከሌላው ጫፍ፣ ከሲኒማ ቤቱ በር ልጀምር እወዳለሁ። የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ አገር ፊልም መሥራት ስለ ቻለ ብቻ የፊልም ኢንዱስትሪ አለው ሊባል አይችልም። ኢንዱስትሪ አለው የምንለው፣ ተመልካቹ ለትኬት የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ለቀጣዩ ፊልም የሚደርስበት መንገድ ሲኖረው ነው። ይህን መንገድ በእጁ የያዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊልም ሠሪው ሳይሆን አከፋፋዩና የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለም ፊልም ገበያ መሪ አሜሪካ አልነበረችም፤ ፈረንሳይ ነበረች። የፓቴ ኩባንያ ፊልሞች በየአህጉሩ ይታዩ ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ የአውሮፓ ስቱዲዮዎች ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ ክፍተቱን የአሜሪካ ኩባንያዎች ሞሉት። ሰላም ከወረደ በኋላም ቦታውን አልለቀቁም። የጥንካሬያቸው ምንጭ የፊልሞቻቸው ማራኪነት ብቻ አልነበረም። የአገራቸው ገበያ እጅግ ሰፊ በመሆኑ አንድ ፊልም ወጪውን እዚያው ይመልሳል፤ ከባሕር ማዶ የሚገኘው ኪራይ ትርፍ ነው። ስለዚህ የአገሬው ፊልም ሠሪ ሊቋቋመው በማይችለው ዋጋ ማከራየት ቻሉ። በዚያም ላይ፣ አንድ ተወዳጅ ፊልም የሚፈልግ የሲኒማ ቤት ባለቤት ሌሎችን ፊልሞች በጅምላ፣ አንዳንዴም ሳያያቸው፣ አብሮ እንዲከራይ ይገደድ ነበር። የአገሬው ፊልም ተሠርቶ ሲደርስ የማሳያው ቀን አስቀድሞ ተይዟል።

ለዚህ ችግር መንግሥታት የሰጡት መልስ የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ብዙ ያስተምራል። ብሪታንያ የመረጠችው ኮታን ነው። በ1927 የወጣው የፊልም ሕግ አከፋፋዮች ከሚያከራዩት ፊልም መጀመሪያ 7.5 በመቶው፣ ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ከሚያሳዩት 5 በመቶው የብሪታንያ ፊልም እንዲሆን አስገደደ፤ ድርሻው ቀስ በቀስ እያደገ 20 በመቶ እንዲደርስም ወሰነ። ፊልሞቹ በርግጥ በረከቱ። ነገር ግን ሕጉ ስለ ቁጥር እንጂ ስለ ወጪና ጥራት አንዳች አልደነገገም ነበር። የአሜሪካ አከፋፋዮች ግዴታቸውን ለመወጣት በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቁ ፊልሞችን ማሠራት ጀመሩ። እንደ ማይክል ፓወል ያሉ ታላላቅ ዳይሬክተሮች ሙያቸውን የተማሩት በእነዚህ የጥድፊያ ፊልሞች ላይ መሆኑ አይካድም። የብሪታንያ ፊልም ስም ግን በገዛ ተመልካቹ ዘንድ ጎደፈ፤ በ1938 ሕጉ ተሻሽሎ ዝቅተኛ የወጪ መጠን ተደነገገ።

የፈረንሳይ መንገድ ከዚህ ይለያል። በግንቦት 1946 ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የብሉም እና በርንስ ስምምነት፣ ከጦርነት ዕዳዋ እፎይታ ያገኘችው ፈረንሳይ ገበያዋን ለአሜሪካ ፊልም ከፈተች፤ ከየ13ቱ ሳምንት ለአገር ውስጥ ፊልም የተጠበቁት 4ቱ ብቻ ነበሩ። የፊልም ባለሙያዎች በፓሪስ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጡ፤ በ1948 አራቱ ሳምንታት አምስት ሆኑ። ይሁንና ዘላቂውን ለውጥ ያመጣው የሳምንታት ቁጥር አልነበረም። በጥቅምት 1946 ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1948ም ከእያንዳንዱ የመግቢያ ትኬት ላይ የተወሰነ ክፍያ እየተሰበሰበ ለአገር ውስጥ ፊልም ሥራ እንዲውል ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፦ ክፍያው የሚሰበሰበው ከአሜሪካ ፊልም ትኬትም ጭምር ነው። የባዕዱ ፊልም ተመልካች በበዛ ቁጥር ለፈረንሳይ ፊልም የሚደርሰው ገንዘብም ይጨምራል። በሩ አልተዘጋም፤ በሩ ላይ ግን ቀራጭ ተቀመጠ።

ይህ አሠራር ለባለጸጋ አገር ብቻ የሚሆን ከመሰለን ወደ አፍሪካ እንሻገር። ዛሬ ቡርኪና ፋሶ የምንላት የያኔዋ ላይኛው ቮልታ ከዓለም ድሆች አገሮች አንዷ ነበረች፤ የነበሯት ሲኒማ ቤቶችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ የፊልም ሥርጭቱ በሁለት የውጭ ኩባንያዎች፣ በኮማሲኮና በሴክማ፣ እጅ ነበር። በ1969 ዋጋዱጉ ላይ ኋላ ፌስፓኮ የተባለው የፊልም ፌስቲቫል ተጀመረ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1970፣ መንግሥት ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። ኩባንያዎቹም ፊልም በመከልከል መለሱ። ሲኒማ ቤት ያለ ፊልም ባዶ አዳራሽ ነውና የሥርጭቱ ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ በገሃድ ታየ። አገሪቱ ግን ጸናች፤ ከትኬት ገቢ ላይ ድርሻ እየተቀነሰ ለፊልም ሥራ እንዲውል አደረገች። የጋስቶን ካቦሬ «ዌንድ ኩኒ» በ1982 የወጣው ከዚህ ጥረት በኋላ ነው። ሙከራውን ወደ ብዙ አገሮች ለማስፋት የተቋቋመው የጋራ አከፋፋይ ድርጅት ግን ዕድሜው አጭር ሆነ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራውን አቆመ። የአንድ አገር ጽናት የአህጉርን ገበያ ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

ደቡብ ኮሪያ ከሁሉም ትምህርት የወሰደች ትመስላለች፤ ትምህርቱ ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቶባታል። ለብዙ ዓመታት የውጭ ፊልም ለማስገባት የሚያስችለው ፈቃድ የአገር ውስጥ ፊልም ለሚሠሩ ኩባንያዎች ይሰጥ ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ለፈቃዱ ብቻ ሲሉ በጥድፊያ ይሠሩ ነበር። የብሪታንያ ታሪክ በሌላ ቋንቋ ተደገመ። በ1960ዎቹ የተጀመረው የማሳያ ቀን ኮታም በ1980ዎቹ በዓመት 146 ቀን ቢደርስም ተቆጣጣሪ አልነበረውም። በ1988 የአሜሪካ ኩባንያዎች በቀጥታ ማከፋፈል ሲጀምሩ ተቃውሞው ከመበርታቱ የተነሣ በሲኒማ ቤት ውስጥ እባብ እስከ መልቀቅ ተደረሰ። በ1993 ግን የፊልም ሰዎች ራሳቸው ተደራጅተው የኮታውን አፈጻጸም በየሲኒማ ቤቱ መከታተል ጀመሩ። በ1996 ደግሞ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የፊልም ቅድመ ምርመራን ሻረ። እዚህ ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ፤ የተጠበቀ ስክሪን ያለ ነጻነት ለባለሥልጣን ጆሮ የሚጥም ፊልም እንጂ ተመልካች የሚሰለፍለት ፊልም አይወልድም። በ2006 ኮታው በግማሽ ተቀንሶ 73 ቀን ሲሆን ኢንዱስትሪው አልወደቀም፤ በ2020 «ፓራሳይት» የኦስካርን የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት ወሰደ።

ስክሪኑን መያዝ ያልቻሉ ደግሞ ዞረውት የሄዱበት ጊዜ አለ። በናይጄሪያ ሲኒማ ቤቶች በተዳከሙበት ዘመን፣ በ1992 የወጣው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» በቪዲዮ ካሴት ተባዝቶ በየገበያው ተሸጠ፤ የኖሊዉድ መንገድም በዚያው ተጠረገ። ካሴት ቀላል ነው፤ ለመቅዳትም እንዲሁ ቀላል ነው። ስለዚህ የገቢው ሰፊ ክፍል ሕገ ወጥ ቀጂዎች እጅ ገባ። መንገዱ ተገኘ፤ በመንገዱ ላይ ቀራጭ አልነበረም።

ከእኛ ወገን ይህን እውነት በተግባር ያሳየን ኃይሌ ገሪማ ነው። «ሳንኮፋ» የተሰኘው ፊልሙ በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ በአሜሪካ አከፋፋይ አጣ። ኃይሌና ባልደረቦቹ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበሩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። ይኸው ዳይሬክተር በ«ጤዛ» በ2009 የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው፣ ከአርባ ዓመት በፊት ስለ ስክሪን ባለቤትነት ሙግት በተነሣባት በዋጋዱጉ ከተማ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። ተሠርቶ የማይታይ፣ ታይቶም ገንዘቡ ለሠሪው የማይመለስ ፊልም እንደዚያች ላም ነው። ከእናንተ መካከል ነገ ስለ ፊልም ፖሊሲ የሚጽፉ፣ የሚመክሩና የሚወስኑ ይኖራሉ። በዓመት ስንት ፊልም ተሠራ ብላችሁ ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድታስቀድሙ አደራ እላለሁ፦ ተመልካቹ በሲኒማ ቤቱ በር ላይ ከከፈለው መቶ ብር ውስጥ ለቀጣዩ ፊልም የሚደርሰው ስንቱ ነው? በማንስ እጅ አልፎ? የአንድን አገር የፊልም ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከስቱዲዮው መዝገብ እኩል የትኬት ቢሮውን መዝገብ ሊመረምር ይገባዋል።