ከቀለሙ ሥር የተገኘው ቀለም፦ አንዲት ቮልስ፣ ካዛንቺስ እና የታሪክ ማስረጃ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ጋራዥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስ ካዛንቺስ ውስጥ ወደሚገኝ ጋራዥ ወስጄ ነበር። ወለሏ በዝገት ተበልቶ ስለነበር፣ በክረምት ከኋላ የተቀመጠ ሰው እግሩ በውኃ ይርስ ነበር። ፍላጎቴ ዝገቱ ተወግዶ መኪናዪቱ አዲስ ቀለም እንድትቀባ ብቻ ነበር። ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት ግን፣ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ሳስተምር በቅጡ ያልገባኝን ነገር ተማርኩ፤ ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ለማደስ በሚጓጓ እጅ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሙያውና ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። የጥገናው ቋንቋ ግን በአመዛኙ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። የተጣመመ ብረት ቀጥቅጦ የሚያቃናውን ሰው ባትላሜራ እንለዋለን፤ «ላሜራ ቀጥቃጭ» ማለት ነው። የብርጭቆ ወረቀት የሚለው ስያሜ እንኳ የጣሊያንኛው የቃል በቃል ትርጉም ነው።

የካዛንቺስ ስምም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ኢንቺስ የተባለ የጣሊያን ተቋም ያቆማቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና፣ ስሙ በሕዝቡ አንደበት ተለውጦ ለሰፈሩ ቀረ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃሉም ሙያውም እዚሁ ቀሩ። ረዳት ከዋናው ባለሙያ እየተማረ፣ በጽሑፍ ሳይሰፍር፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ እኛ ደረሰ።

ቮልስ በከተማችን ረጅም ዕድሜ ያገኘችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የራዲያተር ውኃ አያስፈልጋትም። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው አንዱ ሲጎዳ ለብቻው ይፈታል። በዓለም ላይ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ ምርቷ በሜክሲኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ፣ በእኛ ጎዳናዎች ላይ ግን ገና አገልግሎት ላይ ነበረች። በታሪካችንም ስፍራ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ያ ሁሉ የሆነው ከካዛንቺስ እምብዛም በማይርቅ ስፍራ ነው።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ዝገት ውኃና አየር ብረት ላይ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል፤ ስለዚህ በላዩ ላይ የምናያት ትንሽ እብጠት ከሥሯ ሰፊ ጉዳት ትሸፍናለች። በቮልስ ላይ ዋናው የጉዳት ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ነው፤ ከውኃው በተጨማሪ የባትሪው አሲድ እየተንጠባጠበ ላሜራውን ይበላዋል። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያ ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው በቦዲው ላይ አንሸራተቱት። በአንዳንድ ቦታ ማግኔቱ አልያዘም። «እዚህ ጋ ብረት የለም፤ ስቱኮ ነው» አሉኝ። ከእኛ በፊት የሠራው ሰው ቀዳዳውን በላሜራ ከመድፈን ይልቅ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበት ነበር።

ትክክለኛው ሥራ አድካሚ ነው። የበሰበሰው ላሜራ ጤናማው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። አዲስ ላሜራ በልኩ ይቆረጥና በመዶሻ ቅርፅ ይይዛል፤ ከዚያም ሙቀቱ እንዳያጣምመው እየተዘለለ በነጥብ በነጥብ ይበየዳል። ስቱኮ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ያውም በስሱ ነው። በመጨረሻም አንቲራስትና ቀለም ይከተላሉ። አሮጌው ቀለም የሚነሣው በማስለቀቂያ ኬሚካል፣ በስፓቱላና በብርጭቆ ወረቀት ነው። ባለሙያው የብርጭቆ ወረቀቱን ሁልጊዜ በውኃ እያራሱ ይፍቁ ነበር፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ደረቅ ብናኙ ለሳንባም ለደምም አደገኛ ነው።

በግራው በር ላይ ሲፍቁ ቀለሞቹ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ ክብ ሆነው ታዩ። ከላይ አባቴ ያስቀባው ክሬም፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ነጭ፣ ከሁሉም በታች ሰማያዊው የፋብሪካ ቀለም ነበር። በነጩ ላይ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ባለሙያው እጃቸውን አቁመው «ፊደል ነው» አሉ። ቀስ ብለው ሲያጠቡት «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ተነበበ፤ ቁጥሩ ግን ቀደም ሲል በሌላ ጥገና ጠፍቶ ነበር።

ለእናንተ ወጣቶች ላስረዳ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በከፍተኛና በቀበሌ ተከፍላ ትተዳደር ነበር። አባቴ መኪናዋን በ1975 ዓ.ም. ከአገር ከሚወጣ የውጭ ዜጋ እንደገዛት በሕይወት እስከነበረበት ጊዜ ድረስ ይነግረን ነበር። በሩ ላይ ያለው ፊደል ግን ከአባቴ በፊት የአስተዳደር መኪና እንደነበረች ይመሰክራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ እንጂ መኪናን አይመለከትም ነበር። ቢሆንም በዚያ ዘመን ባለቤቱ የታሰረበት ወይም የተሰደደበት ንብረት በብዙ መንገድ ወደ አስተዳደር እጅ ይገባ ነበር። ሰማያዊ ሆና የገዛት የመጀመሪያው ባለቤት ማን ነበር? እንዴትስ ከእጁ ወጣች? አባቴ በሞት ተለይቶናል። እናቴን ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ልጄ፣ የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉን አይጠይቅም ነበር» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ አልተናገረችም።

ባለሙያው ማስለቀቂያውን ይዘው ውሳኔዬን ጠበቁ። በፊደሉ ሥር ዝገት ጀምሮ ነበር፤ ቢተው በሩን በሙሉ ይበላዋል። ቢነሣ ደግሞ ስለ መኪናዋ ያለፈ ሕይወት የቀረው ብቸኛ ምስክር ይጠፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ያህል እንዲነሣ ተመኝቼ ነበር፤ የአባቴ ታሪክ እንደነገረን እንዲቀር ፈልጌ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው። «ዝገቱን አልምርም፤ ግን ሳላይ አልፍቅም» አሉኝ። በሩን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ፎቶግራፍ አነሣን፤ የፊደሉን መጠንና ቦታ ለክተን ጻፍን፤ አራቱም ቀለሞች የሚታዩባትን የመዳፍ ስፋት ያላት ጤናማ ክፍል ከበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሳንነካ ተውን። ቀሪው ተነሣ። መኪናዋ ዛሬ ሰማያዊ ናት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ያ ጋራዥም አብሮ ተነሣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ እዚያው አካባቢ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ ተጠናቆ ተከፈተ። የአፍሪካ አዳራሽ ንድፍና የግንባታ ሰነድ ነበረው፤ የአርክቴክቱ የአርቱሮ መዘዲሚ ስምም ይታወቃል። ሊታደስ የቻለው ስለተመዘገበም ጭምር ነው። የባትላሜራው ሙያ ግን ንድፍ የለውም። የሚኖረው በሰውዬው እጅና በጎረቤቶቹ መካከል ነው፤ በያጁ፣ ቀለም ቀቢው፣ ጎሚስታውና መለዋወጫ ሻጩ በአንድ መንገድ ላይ ስለነበሩ ነው አንዲት አሮጌ መኪና በአንድ ሰፈር ውስጥ የምትድነው። ሲበተኑ እያንዳንዱ ሙያውን ይዞ ቢሄድም፣ አንድ ላይ የነበራቸው ዕውቀት አብሯቸው አይሄድም።

ከተማ ሊታደስ አይገባም የሚል ክርክር አላነሣም፤ የበሰበሰ ወለል ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በስቱኮ የተሸፈነ ዝገትም ጥገና አይባልም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከመፋቅ በፊት ማየትና መመዝገብ የባለሙያው ግዴታ ከሆነ፣ የእኛ የታሪክ ሰዎች ግዴታ ከዚህ አያንስም። ስለዚህ በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ ቢያንስ ጥቂቶቻችሁ ወደ ጋራዦች እንድትሄዱ እጠይቃለሁ። ቃላቱን ሰብስቡ፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከካዛንቺስ የተነሡት ባለሙያዎች አሁን የት እንዳሉ ጠይቁ። እናቴን ዘግይቼ ጠየቅኋት፤ አባቴን ደግሞ ከናካቴው ሳልጠይቀው ቀረሁ። እናንተ አትዘግዩ።