ልጅ ወደ መስክ የሚወጣው ለጉዳይ ነበር

ልጆችን ከተፈጥሮ ጋር ማገናኘት ሲባል ዛሬ ቶሎ የሚታሰበን በእረፍት ቀን ወደ መናፈሻ ይዟቸው መሄድ ነው። የደጋው አገር ልማድ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በገጠሩ ልጅ መስኩን ያወቀው ሊዝናናበት ወጥቶ ሳይሆን ጉዳይ ስለነበረው ነው። መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ጠንከር ሲል ደግሞ ከብት ይሰጠዋል። የትኛው ሣር እንደሚያጠግብ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚጎዳ፣ ሰማዩ በየት በኩል ሲጠቁር መንጋው መሰብሰብ እንዳለበት የተማረው እዚያው ነው። ከተዘናጋ የጎረቤት ማሳ ይበላል፤ ጣጣውም ለወላጅ ይተርፋል።

በዓላቱም ልጁን ወደ መስክ የሚልኩት ሥራ ሰጥተው ነው። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ እረኞች ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ለዚህም የትኛው ልጥ ሳይበጠስ እንደሚታጠፍ ማወቅ ግድ ነው። ለገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ከቁጥቋጦ መሃል ሲፈለግ ይሰነበታል። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ የሚባለውን ሣር ሊነቅሉ ይወርዳሉ፤ ጎንጉነውም ከአደይ አበባ ጋር ወደ ቤት ይገባሉ። አደይ ክረምቱ ሲወጣ ትፈካለች፤ ለመስከረም 16ቱ ደመራ ደርሳ ብዙም ሳትቆይ ትረግፋለች። ስለዚህ ልጆቹ ዕፅዋትን በስም ብቻ ሳይሆን በቦታቸው፣ በወራታቸውና በጥቅማቸው ያውቋቸዋል። ቤተሰቡም ከዚህ ውጭ አልነበረም፤ በቡሄ ለሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች ሙልሙል ጋግሮ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ከተማው ልማዱን አላጠፋውም፤ ጉዳዩን ግን ነጠቀው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጃገረዶች ዛሬም አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ይሁንና የያዙት አበባ ብዙውን ጊዜ ከገበያ የተገዛ ነው። ወንዶቹ የሚያድሉት ደግሞ ወረቀት ላይ የተሣለ አበባ ነው። ጅራፉ ተገምዶ ይሸጣል፤ በሙልሙሉ ፋንታ ብር ይሰጣል። ጭፈራው አለ፤ ወደ መስክ የሚያስወጣው ምክንያት ግን የለም።

እዚህ ላይ፣ እረኝነት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አላስቀረም ወይ የሚል ይኖራል። አስቀርቷል፤ ብርዱና ዝናቡም ቀላል አልነበረም፤ ያን ሸክም መልሶ በልጅ ጫንቃ ላይ መጫን አይገባም። እንግጫ ነቀላና የገና ዱላ ፍለጋ ግን ማንንም ከትምህርት አላስቀሩም። የሚመለሰው ሸክሙ ሳይሆን ጉዳዩ ነው። ከተሜው መስክ ከየት ያመጣል ለሚለውም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው አንጦጦ ፓርክ በከፊል መልስ ይሆናል። በከፊል ያሰኘው ልጁ እዚያ እንደ እንግዳ አይቶ የሚመለስ መሆኑ ነው፤ ደግሞ የሚያስመጣው ጉዳይ የለውም። ክረምት ሲገባ በግቢ ጥግ ወይም በቆርቆሮ ጣሳ የአደይ ዘር የዘራ ልጅ ግን ዝናቡን የሚጠብቅበት፣ አበባዋ ለእንቁጣጣሽ ትደርስ ይሆን ብሎ በየማለዳው ወጥቶ የሚያይበት ምክንያት አለው።